እግር ደርሶ ልብ እንዳይቀር፤ ስለ ኤገርያ የጉዞ መጽሐፍ

ሰው በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህም ሃይማኖት ያለው ሕዝብ ሁሉ ታላቅ ነገር ተደረገበት የሚለውን ስፍራ አይረሳም፤ ደጁን ይሳለማል፣ ከአፈሩ ቆንጥሮ ይይዛል፣ ለልጁም ያሳያል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ነገር በቋንቋችን ጭምር ይታወቃል። «እምነት» ብለን የምንጠራው ሁለት ነገር ነውና። አንደኛው በልብ የሚኖረው ነው፤ ሁለተኛው ከገዳም ተዘግኖ በግንባር የሚቀባው አፈርና አመድ ነው። ለሁለቱ አንድ ቃል መሰጠቱ የሚያስደስትም የሚያስፈራም ነገር ነው። የሚያስደስተው ልብና ምድር ዝምድና እንዳላቸው ስለሚያስታውስ ነው፤ የሚያስፈራው ግን ሰው ሁለተኛውን ተቀብቶ አንደኛውን ያገኘ ሊመስለው ስለሚችል ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ቅዱስ ስፍራና የሃይማኖት ታሪክ ለአንድ ሰው እምነት ምን ያደርጉለታል? እምነቱን ያቆሙለታል ወይስ በእምነቱ ፈንታ ይገቡበታል? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ይህን በባዶ ክርክር ከመመለስ በአንድ መጽሐፍ ላይ መመርመር የሚሻል ስለ መሰለኝ፣ ከ1600 ዓመት በፊት አንዲት ሴት የጻፈችውን የጉዞ መጽሐፍ መርጫለሁ። ስሟ ኤገርያ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤገርያ ከምዕራብ አውሮፓ ዳርቻ ተነሥታ ከ381 እስከ 384 በኢየሩሳሌም፣ በግብፅ፣ በሲና፣ በሶርያና በመስጴጦምያ ተዘዋወረች። ያየችውንም በአገሯ ለቀሩት፣ እኅቶች እያለች ለምትጠራቸው ሴቶች ጻፈች። መጽሐፉ ብዙ ዘመን ጠፍቶ ከኖረ በኋላ በ1884 ጋሙሪኒ የተባለ ጣልያናዊ ሊቅ በአሬትሶ ከተማ አገኘው። ብራናው በ11ኛው መቶ ዓመት በሞንቴ ካሲኖ ገዳም የተገለበጠ ሲሆን፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም ስለ ጠፋ የጸሐፊዋ ስም እንኳ አልነበረበትም። ስሟ ሊታወቅ የቻለው በ7ኛው መቶ ዓመት በእስፓንያ የኖረ ቫሌሪዮስ የተባለ መነኵሴ ለወንድሞቹ ስለ እርሷ የጻፈው የምስጋና ደብዳቤ ስለ ነበረ ነው። በ1903 ፌሮቴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴ ደብዳቤውንና መጽሐፉን አስተያይቶ ነገሩን ገለጠው። እኔ ያነበብሁት ጆን ዊልኪንሰን በ1971 በእንግሊዝኛ ተርጕሞ ያሳተመውን ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ደግነት ሥርዓቱ ነው። ኤገርያ ወደ አንድ ቅዱስ ስፍራ በደረሰች ቊጥር የምታደርገው ነገር አይለወጥም። በመጀመሪያ ትጸልያለች። ቀጥሎ ስለዚያ ስፍራ የሚናገረው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እዚያው ይነበባል። ከዚያ ለነገሩ የሚስማማ መዝሙር ከዳዊት ይባላል፤ በመጨረሻም እንደ ገና ይጸለያል። ወደ ሲና ተራራ በወጣች ጊዜ መንገዱ በእንስሳ የማያስኬድ ገደል ስለ ነበረ በእግሯ ወጣች፤ በራሱ ላይም ስትደርስ ስለዚያ ተራራ የተጻፈው ከሙሴ መጽሐፍ ተነበበ፣ ቍርባን ተቈረበ፣ መነኮሳቱም ከአትክልታቸው ፍሬ ለበረከት ሰጡ። ደክሟት ነበር፣ ነገር ግን ድካሟን አታወራም። የምትነግረን የተነበበውን ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ሥርዓት ልብ በሉት። ኤገርያ ስፍራውን የምትፈልገው መጽሐፉን ልታነብበት ነው። ድንጋዩ ለእርሷ የሚገለጥ ገጽ ነው። ያለ ንባብ ቢታይ ሲናም እንደ ማንኛውም ተራራ ድንጋይ ነውና፣ ዓይን ሲደነቅ ይውልና ማታ ይረሳዋል። ያነበበ ሰው ግን የሚያየውን ከማየቱ በፊት ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሲመለስ የሚቀርለት ነገር አለ።

ሁለተኛው ደግነቱ እውነተኛነቱ ነው። በሙት ባሕር አጠገብ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት ሆና የቀረችበትን ስፍራ ሊያሳዩአት ወሰዷት። ተመለከተች፤ ሐውልት ግን አልነበረም። የዚያ አገር ጳጳስ ሐውልቱ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንደማይታይ ነገራት። እርሷም ለእኅቶቿ ስትጽፍ ስፍራውን እንጂ ሐውልቱን እንዳላየች፣ በዚህም ነገር ልታታልላቸው እንደማትችል ገልጻ ተናገረች። ከብዙ ሺህ ምዕራፍ ርቀት የመጣች ሴት፣ ማንም ሊመረምራት በማይችልበት ነገር፣ «አየሁ» ብላ መጻፍ ትችል ነበር። አልጻፈችም። እምነቷም በዚህ ምክንያት አልተናወጠም፤ በዚያው ገጽ ላይ ጉዞዋን ትቀጥላለች። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው፤ አለማየቷን ሳትፈራ የምትናገር እምነት ጽኑ እምነት ናትና።

ዳሩ ግን መጽሐፉ ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ኤገርያ በጨው ሐውልቱ ላይ ያሳየችውን ጥንቃቄ በሁሉ ላይ አላሳየችም። በናባው ተራራ ላይ በነበረው ቤተ ክርስቲያን የሙሴን መቃብር አሳዩአት። መጽሐፈ ኦሪት ግን መቃብሩን ማንም እንደማያውቀው ይናገራል። መነኮሳቱ መላእክት ቀበሩት፤ ስፍራውንም አባቶቻችን አሳዩን ሲሉ ነገሯት፤ እርሷም ያንኑ ተቀብላ አለፈች። ከሲና ራስ ላይ ሆና ግብፅን፣ ቀይ ባሕርን፣ እስከ እስክንድርያ የሚደርሰውንም ባሕር ከእግሯ በታች እንዳየች ትጽፋለች። ተራራው 2285 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሆኖም ከዚያ ላይ የእስክንድርያን ባሕር ማየት ለሰው ዓይን አይቻልም። በኤዴሳ ከተማም ጌታችን ለንጉሥ አብጋር ጻፈለት የሚባለውን ደብዳቤ ግልባጭ ተቀብላ በጣም ተደሰተች፤ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ደብዳቤው በኋላ ዘመን የተደረሰ መሆኑን ያስረዳሉ። እነዚህን ነገሮች መሸሸግ አይገባም። ደግ መጽሐፍ ጉድለቱ ሲነገርበት አይወድቅም።

ጉድለቶቹን የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዛሬው ዘመን ብዙ ወጣት እምነቱን የሚያጣው በዚህ በር ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ለገና ወደ ላሊበላ ሄዶ፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኵሉ ሲሉ ሰምቶ፣ በታላቅ ደስታ ተመለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተክዞ መጣ። ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ የጥንት ቅርስ መርማሪ በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዳንዶቹ ከንጉሥ ላሊበላ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የተፈለፈሉ ናቸው ማለቱን ሰምቶ ነበር። «የነገሩኝ ይህ ሐሰት ከሆነ ሌላውን እንዴት ልመን?» አለኝ።

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በቁጣም አይመለስም። እኔ የመለስሁለት እንዲህ ነው። በላሊበላ የሚወርደው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ከአብያተ ክርስቲያናቱም አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው፤ በአካባቢውም ደብረ ዘይትና ቤተ ልሔም የሚባሉ ስፍራዎች አሉ። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ ይህን ያደረገው፣ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው ረጅም መንገድ እንዳይጠፋ አስቦ ነው። ታዲያ ያን ወንዝ ዮርዳኖስ ብለው የሰየሙት አባቶች እውነተኛው ዮርዳኖስ በላስታ እንደማይፈስ አላወቁም ነበርን? አሳምረው ያውቁ ነበር። ምሳሌ መሆኑን አውቀው ሰየሙት፤ ምሳሌ መሆኑንም አውቀው ሲሳለሙት ኖሩ። ምሳሌን በምሳሌነቱ የያዘ እምነት፣ የድንጋዩ ዘመን በ100 ወይም በ400 ዓመት ወደ ኋላ ቢሄድ ምንም አይጐድልበትም። በዚያ ድንጋይ ላይ የተጸለየው ጸሎት በመሮ ዕድሜ አይለካምና። መርማሪው ስለ ድንጋዩ ይጠይቅ፤ ሥራው ነው። አንተ ግን እምነትህን ከመርማሪው መልስ ላይ አትስቀለው፤ ብትሰቅለው ደግሞ ሲወድቅ መርማሪውን አትውቀስ አልሁት።

ወደ መጽሐፋችን እንመለስ። የኤገርያ መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ስለ ኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይናገራል። ቈስጠንጢኖስ በጌታ መቃብር ላይ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ከተቀደሰ፣ ማለት ከ335 ወዲህ፣ ገና ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ጳጳሱ በግሪክኛ ይናገር ነበር፤ አንድ ቄስም ለሕዝቡ ወደ ሶርያ ቋንቋ ይመልስ ነበር። ላቲን ብቻ ለሚያውቁት ደግሞ ሁለቱንም የሚያውቁ ወንድሞችና እኅቶች ይተረጕሙላቸው ነበር። ለትንሣኤ የሚጠመቁትን ሰዎች ጳጳሱ በጾሙ ወራት በየቀኑ ሦስት ሰዓት ያስተምራቸው ነበር፤ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ፣ በመጀመሪያ የቃሉን ፍቺ፣ ከዚያም ምሥጢሩን ያብራራላቸው ነበር። እኔ በማስተማር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህ ክፍል በጣም ደስ ያሰኘኛል። መቃብሩ ከፊታቸው ነበረ፤ ጎልጎታ ከአጠገባቸው ነበረ። በዚያ ቆሞ የሚያለቅስ ሁሉ አማኝ ነው ተብሎ አልተጠመቀም። ሰባት ሳምንት ተቀምጦ መማር ነበረበት።

ኤገርያ በዚህ ክፍል ደጋግማ የምታመሰግነው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሚነበበውና የሚዘመረው ሁሉ ለዕለቱና ለስፍራው የሚስማማ መሆኑን ነው። የሆሣዕና ዕለት ሕዝቡ ሁሉ በደብረ ዘይት ተራራ ተሰብስቦ፣ ልጆች የዘንባባና የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው፣ መራመድ የማይችሉትም ሕፃናት በወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው፣ ጳጳሱን እየመሩ ወደ ከተማ ይወርዱ ነበር። ጌቶችም እመቤቶችም በእግራቸው ነበሩ። ሕዝቡም እንዳይደክም ጉዞው ቀስ እያለ ይሄድ ነበር።

አሁን አስቡት። ይህ ሥርዓት በአንድ ተራራ ላይ ብቻ አልቀረም። ከኢየሩሳሌም እየወጣ ወደ ብዙ አገር ቤተ ክርስቲያን ገባ። ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ የማያውቅ የገጠር ልጅ በሆሣዕና ቀን ዘንባባውን በጣቱ እንደ ቀለበት አስሮ በደብሩ ዙሪያ ሲዞር፣ ከደብረ ዘይት የሚወርደውን ያን ጉዞ ይጓዛል። እንዲያውም በእኛ ዘንድ ደብረ ዘይት ቦታ ብቻ ሳይሆን ቀንም ሆኗል፤ የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ በዚህ ስም ይጠራልና። ከዚህ የሚበልጥ የቅዱስ ስፍራ አገልግሎት ምን አለ? ስፍራው ዕለት ሆነ፤ ዕለቱም ንባብና ዝማሬ ሆነ፤ ንባቡም መንገድ ለማይችለው ለድኻውም፣ ለሽማግሌውም፣ ለበሽተኛውም ቤቱ ድረስ መጣለት።

ስፍራው ወደ ንባብ ሳይለወጥ በቁሳቁስነቱ ሲቀር የሚሆነውንም ኤገርያ ሳታስበው ጽፋልናለች። በስቅለት ዕለት ጳጳሱ በጎልጎታ ተቀምጦ የመስቀሉን ግንድ በሁለት እጁ ይይዘዋል። ዲያቆናት ዙሪያውን ከበው ይጠብቃሉ። ሕዝቡም አንድ በአንድ እያጐነበሰ በግንባሩና በዓይኑ ይነካዋል፣ ይሳለመዋል፤ በእጁ ግን አይነካውም። ስለ ምን እንዲህ እንደሚጠበቅ ስትገልጽ፣ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሊሳለም እንደሚያጐነብስ መስሎ ከግንዱ በጥርሱ ነክሶ ሰርቆ መሄዱ እንደ ተነገራት ትጽፋለች። ይህ ሰው እምነት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይጓጓ ነበር። ስለ ሌባ የሞተውን ጌታ ሊሳለም መጥቶ ራሱ ሌባ ሆኖ ተመለሰ። ቅዱሱን ነገር ለራሴ ብቻ ላድርገው የሚል ሁሉ የዚህ ሰው ወንድም ነው።

ያ ግንድ በኢየሩሳሌም ተጠብቆ አልኖረም። በ614 የፋርስ ሠራዊት ከተማይቱን ይዞ መስቀሉን ወሰደ፤ በ630 ንጉሥ ሕርቃል መልሶ አስገባው። የዐቢይ ጾማችን የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ዛሬ ጾመ ሕርቃል መባሉ የዚህ መታሰቢያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም በ1009 በከሊፋው በአል ሐኪም ትእዛዝ ፈረሰ፤ በኋላም እንደ ገና ተሠራ። ግንዱ ሲማረክና ሕንጻው ሲፈርስ እምነቱ አልተማረከም፣ አልፈረሰም። ዛሬ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ በዴር ሡልጣን የእኛ መነኮሳት በድህነትና በትዕግሥት ይኖራሉ። ስለዚሁ ስፍራ ከግብፅ መነኮሳት ጋር ያለው ክርክር ብዙ ዘመን አስቈጥሯል። መብቱ የማን እንደ ሆነ ለመፍረድ እዚህ አልተነሣሁም፤ ወንድማማቾች ትንሣኤ በሚሰበክበት ደጅ ስለ ቁልፍ ሲከራከሩ መኖራቸው ግን ለእያንዳንዳችን ትምህርት ነው።

በዚህ ምክንያት ቅዱሳት ስፍራዎች አያስፈልጉም የሚሉ ሰዎች ተነሥተዋል፤ የሚጠቅሱትም አባት አላቸው። ኤገርያ በተጓዘችበት በዚያው ዘመን፣ በ381 ገደማ፣ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ለቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። ከዚያ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስፍራውን ከማየቱ በፊት ያምን እንደ ነበረ፣ ካየም በኋላ እምነቱ እንዳልጨመረና እንዳልቀነሰ፣ ጸጋ በዚያ ስፍራ ይበልጥ ቢሆን ኖሮ በከተማይቱ ያን ያህል ኃጢአት እንደማይገኝ ተናገረ። ነገር ግን ይኸው ጎርጎርዮስ በሌላ ደብዳቤ ቅዱሳት ስፍራዎችን በማየቱ ያገኘውን ታላቅ ደስታ ጽፏል። የመጀመሪያውን ብቻ የሚጠቅስ ሰው ጎርጎርዮስን በግማሹ ያነበበ ነው።

እኔ ያደግሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በትምህርት ቤት እግዚአብሔር በስፍራ አይወሰንም እያሉ፣ ጌታችን ለሳምራዊቷ ሴት የተናገረውን እየጠቀሱ ያስተምሩን ነበር። በቤት ደግሞ እናቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳትሳለም አታልፍም ነበር። ብዙ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ይመስለዋል። እኔ ግን ለሁለቱም መልስ ያገኘሁት በቤተ ልሔም ይኖር ከነበረው ከሄሮኒሞስ ነው። ሄሮኒሞስ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የሰማይ ደጅ ከኢየሩሳሌምም ከብሪታንያም እኩል ቅርብ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ የመነኵሴውን የኢላርዮንን ነገር ያነሣል። ኢላርዮን የፍልስጥኤም ተወላጅ ሆኖ ሳለ ኢየሩሳሌምን ያየው አንድ ቀን ብቻ ነበር። አለመሄድ ቅርብ ያለውን ቅዱስ ስፍራ መናቅ እንዳይሆንበት ሄደ፤ እዚያ መቅረትም እግዚአብሔርን በስፍራ መወሰን እንዳይመስልበት ተመለሰ። እናቴና መምህሮቼ በዚህ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

እንግዲህ በመጽሐፉ ላይ ያለኝን ፍርድ ልናገር። ኤገርያ ስለ ልቧ እምብዛም አትነግረንም፤ ከጉዞው በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረች፣ በኋላም ምን እንደ ተለወጠባት አናውቅም። የዛሬ አንባቢ ይህን እንደ ጉድለት ሊቈጥረው ይችላል። እኔ ግን ከአንድ ነገር ልቧን የምናውቀው ይመስለኛል፤ ይኸውም መጽሐፉን ለማን እንደ ጻፈችው ነው። ያልሄዱትን አልረሳችም። በየስፍራው የተነበበውን ለእነርሱ ቈጠረችላቸው፤ ያላየችውን አላየሁም አለቻቸው፤ ያየችውን ለብቻዋ አልነከሰችም። ስለዚህ መጽሐፉ ከነጉድለቱ ሊነበብ የሚገባው ነው እላለሁ።

በዛሬው ጊዜ መንገዱ ቀሏል። ለኤገርያ ሦስት ዓመት የፈጀባትን ጉዞ አውሮፕላን በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል፤ ወደ ላሊበላም ወጣቱ በብዛት ይሄዳል። ሄዶም በኪሱ ከያዘው ስልክ ጋር ቆሞ በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ፎቶግራፍ ይነሣል። ፎቶግራፍ መነሣት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ፊቱን ለራሱ ምስል ሰጥቶ የሚመለስ ሰው፣ እግሩ ደርሷል እንጂ ልቡ ገና መንገድ አልጀመረም።

ወጣቶች አንባቢዎቼ፣ የምትችሉ ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ስፍራው የተጻፈውን አንብቡ፤ እዚያም ስትደርሱ እንደ ገና አንብቡት። የታሪክ ሊቃውንት የሚሉትን ሳትፈሩ ስሙ፤ ያልታያችሁን ታየን አትበሉ። መሄድ የማትችሉም አትዘኑ፤ ደብረ ዘይት በየዓመቱ በአምስተኛው እሑድ ወደ እናንተ ይመጣል። ሄዶ የተመለሰ ሰው ግን ዕዳ አለበት። ጎረቤቱ «ምን አመጣህልን?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ የቋጠረውን አፈር ብቻ ፈትቶ አያሳየው። በስፍራው ያነበበውን ይንገረው፤ የቀረውን ጎረቤቱ ከኑሮው ያያል።